ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ግዙ

አዲስ መዝሙር ሲወጣ የሚከተለውን ወሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለው ሥራ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ቤዙ ያጓራል። በስልክ ሲሰማ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋና ድምፁ ጆሮ ይበሳል። በጉባኤ አዳራሽ ሲለቀቅ ደግሞ ዘማሪዋ ምን እንዳለች የሚያውቀው ግጥሙን የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ብያኔው ይሰጣል፦ «ስፒከራችን ትንሽ ስለሆነ ነው።» ወጣቶች ይሰበሰባሉ፣ መዋጮ ይወጣል፣ ባለ 5 ኢንቹ ተሸጦ ባለ 8 ኢንች ይገዛል። አዲሱም በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ጥግ፣ አንዱ ቁም ሣጥን ተደግፎ ሌላው በሩ አጠገብ ይቀመጣል። የሚቀጥለውም መዝሙር ያጓራል።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ ልማድ ጋር ሊጣላ የተጻፈ ነው። በቤት ስቱዲዮዎቻችን ውስጥ ሥራችንን የሚያበላሸው በአብዛኛው የዕቃው ርካሽነት አይደለም፤ የዕቃው አቀማመጥ ነው። አቀማመጡን ለማስተካከል ደግሞ መዋጮ አያስፈልግም። አንድ ሜትር፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ አንድ ጓደኛና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ይህን እያወቅን የወጣቱን ኪስ ማራቆታችን ነው የሚያስቆጨኝ።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላጥራ። ሞኒተር ስል በመድረክ ላይ ዘማሪው እግር ሥር የሚቀመጠውን ማለቴ አይደለም። አቀናባሪው ሚክስ ሲያደርግ ከፊቱ ግራና ቀኝ የሚያቆማቸውን ሁለት ስፒከሮች ማለቴ ነው።

ለመሆኑ ሁለት የሆኑት ለምንድን ነው? አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ዛሬ ስቴሪዮ ለምንለው አሠራር የፈጠራ መብት ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ሐሳቡ ሁለት ስፒከሮች ተባብረው ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ለጆሮ ሊነግሩ ይችላሉ የሚል ነበር። በመዝሙር ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ፣ ማለትም የዘማሪው ድምፅ፣ የሚቀመጠው መሐል ነው። መሐል ላይ ግን ስፒከር የለም! ግራውና ቀኙ እኩል ድምፅ በእኩል ጊዜ ወደ ጆሯችን ሲልኩ አእምሯችን «ከመሐል ነው የመጣው» ብሎ ይፈርዳል እንጂ እዚያ የቆመ ነገር የለም። ዘማሪያችን ያለው በሁለቱ እኩልነት ውስጥ ነው። እኩልነቱ ሲፈርስ ዘማሪውም ከቦታው ይነቀላል።

ምን ያህል ስሕተት ይበቃል? ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። (የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው።) እንግዲህ አንዱ ስፒከር ከሌላው በ34 ሳንቲ ሜትር ቢቀርባችሁ የእርሱ ድምፅ በሰከንድ አንድ ሺኛ ቀድሞ ይደርሳል። ይህች ኢምንት ጊዜ ዘማሪውን ከመሐል አንሥታ በቀረበው ስፒከር ውስጥ ለመክተት ትበቃለች። 34 ሳንቲ ሜትር አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። በየቤቱ ገብታችሁ ብትለኩ ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱም ስፒከሮቹን ያስቀመጣቸው ሐሳብ ሳይሆን የጠረጴዛው ቅርጽና የሶኬቱ ቦታ ነው።

አሁን ጉዳቱን ተከታተሉት። አቀናባሪው ዘማሪዋ ወደ ግራ ያዘነበለች ይመስለዋል። ጥፋቱ የወንበሩ ነው፤ እርሱ ግን የሚነካው ወንበሩን ሳይሆን መዝሙሩን ነው። ድምፅዋን ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ጊታሩን ወደ ግራ ይመልሳል፣ ኪቦርዱን ያሰፋል፤ በመጨረሻ ለእርሱ ወንበር ብቻ የተስተካከለ ሥራ ይወጣል። የክፍሉ ጉድለት እንደ ማኅተም ተገልብጦ መዝሙሩ ላይ ይታተማል። ክፍሉ እዚያው ይቀራል፤ ማኅተሙ ግን በየሰው ስልክ፣ በየታክሲው፣ በየአጥቢያው ይዞራል። ቤዝም እንዲሁ ነው፤ ክፍሉ የሚውጠውን አቀናባሪው ይጨምራል፣ ክፍሉ የሚያገነነውን አቀናባሪው ይቀንሳል። ትልቅ ስፒከር ይህን ሊያድን አይችልም። እንዲያውም በትንሽ ክፍል ውስጥ ባለ 8 ኢንች ማስገባት ክፍሉ ሊሸከመው የማይችለውን ቤዝ መጨመር ነው። በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ ባለ 5 ኢንቹ የተሻለ ታማኝ ነው ብል ብዙ ሰው ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ።

መድኃኒቱ የአናጺና የግንበኛ ሥራ ነው። ግንበኛ ያለ ቱንቢና ያለ ገመድ አንድ ረድፍ ብሎኬት አይደረድርም፤ እኛ ግን ለዓመታት የሚሰማ መዝሙር በዓይን ግምት እንሠራለን። ሁለቱ ስፒከሮችና የእናንተ ራስ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብም ግራና ቀኙን ከመሐል መስመር በየጎኑ 30 ዲግሪ ላይ ያቆማቸዋል፤ በድምሩ 60 መሆኑ ነው፣ ይኸውም ያው ሦስት ማዕዘን ነው። ለትንሽ ክፍል የአንድ ሜትር ጎን ይበቃል። ሲባጎውን አንድ ሜትር ላይ ቁረጡና ከግራው ወደ ቀኙ፣ ከግራው ወደ ራሳችሁ፣ ከቀኙ ወደ ራሳችሁ ዘርጉት። በሦስቱም ቦታ መወጠር አለበት። ከግራው ግድግዳ እስከ ግራው ስፒከርና ከቀኙ ግድግዳ እስከ ቀኙ ያለው ርቀትም እኩል ይሁን። አንዱ ቁም ሣጥን ተጠግቶ ሌላው ባዶ በር ላይ ካፈጠጠ ሦስት ማዕዘኑ ብቻውን አያድናችሁም።

ከፍታውም አለ። ትዊተሩ፣ ማለትም ከላይ ያለችው ትንሿ ክብ፣ ከጆሯችሁ እኩል ትሁን። ብዙዎቻችን ስፒከሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን ሆዳችንን እንዲያይ እናደርገዋለን። የላይኛው ድምፅ ደግሞ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ያተኮረ ነው፤ ከመስመሩ ስትወጡ ይደበዝዛል። ደብዝዞ ሲሰማን በሚክስ እንጨምረዋለን፤ ከዚያ በስልክ ጆሮ ይበሳል። ማቆሚያ ለመግዛት ገንዘብ ከሌለ ብሎኬት አቁማችሁ በላዩ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፉ፤ ወይም ያረጁ የመማሪያ መጻሕፍት ደርድሩ። (መጽሐፍ ቅዱሱን ተዉት።) ስፒከሩ ከጠረጴዛው ጣውላ ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠረጴዛው ራሱ ድምፁን እየመለሰ ከ150 እስከ 200 ኸርዝ ባለው አካባቢ የሚያመጣው እብጠት ይቀንሳል። ለዚህ ሲሉ ነው አንዳንድ አምራቾች ከስፒከሩ ጀርባ «ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጥኩት» የምትል ማብሪያ ማጥፊያ የሚያደርጉት። ጀርባውን ዞራችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሰው እንደሆነ በስልኩ ነው የሚሰማው» የሚል አለ። ለአማርኛ ሲባል ነው እላለሁ። «መጣ» እና «መታ» በሉ፤ ቀስ ብላችሁ ደጋግሙት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምላስ ጫፍ የምትፈነዳ አንዲት አጭር ፍንጣቂ ናት። «ጠራ» እና «ተራ»ም እንዲሁ ናቸው። ያቺ ፍንጣቂ የምትኖረው በላይኛው የድምፅ ክልል ውስጥ ነው፣ አቅሟም ከቤዙ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ያበጠ ቤዝ ደግሞ ከእርሱ በላይ ያሉትን ድምፆች የመሸፈን ጠባይ አለው። ስለዚህ ቤዙን በትክክል የማይሰማ አቀናባሪ የሚያበላሸው ቤዙን ብቻ አይደለም። በዘማሪዋ አፍ ውስጥ ያለውን ፊደል ነው የሚነካው። ጌታ መጣ ወይስ መታ? ሰሚው ዐውዱን አይቶ ያርመዋል ትሉ ይሆናል፤ ያርማል፣ ግን ሊጸልይበት በገባ መዝሙር ላይ የፊደል አራሚ ሆኖ ይቀመጣል።

መጥበቅና መላላቱን ደግሞ ተመልከቱ። «እግዚአብሔር አለ» ስንል «ለ» ከላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ከጠበቀ ይኖራል ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ያ ሁሉ ትርጉም የተንጠለጠለው በአንዲት ፊደል ርዝመት ላይ ነው። ዜማ ራሱ ቃልን ስለሚለጥጥ ሥራው ቀድሞም ከባድ ነው፤ በላዩ ላይ ልኩን ያጣ ሪቨርብ ሲፈስስበት ይጠፋል። ሪቨርቡ ልኩን የሚያጣው ለምንድን ነው? ባዶ የብሎኬት ክፍል የራሱ ማስተጋባት አለው። አቀናባሪው የሚሰማው ማስተጋባት የቱ የመዝሙሩ፣ የቱ የክፍሉ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። አንዱ አልሰማ ብሎት ያበዛል፣ ሌላው በዝቶ የመሰለው ይነፍጋል፤ ሁለቱም የሚገምቱት በጨለማ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 ላይ ዋሽንትንና በገናን ምሳሌ አድርጎ የሚሞግተው የተነሣበት ጉዳይ ሌላ ቢሆንም ነጥቡ እዚህም ይሠራል፤ የድምፁ ልዩነት ካልታወቀ ሰሚው ምን እንደተባለ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የምጠቅሰው «እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» ለሚሉ ወንድሞች ነው። አዎን፣ ልብን ያያል። መዝሙሩን የምናወጣው ግን ጆሮ ላላቸው ሰዎች ነው። በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 ላይ ለቤተ መቅደሱ ዝማሬ የተመደቡት 288 ሰዎች የተመረጡት ልባቸው ስለተቃጠለ ብቻ አይደለም፤ የተማሩና አዋቂዎች መሆናቸው ተቆጥሮ ተጽፏል። መንፈሳዊነትን የስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ከስንፍናው ይከፋል። ዘማሪዋ ያላትን አሟጥጣ ለቀረጻ ከፍላለች፤ አቀናባሪው ወንበሩን አንድ ክንድ ወደፊት ለማምጣት መስነፉን በጸሎት አንሸፍነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ ዋናው ጠብ ያለው እዚያ ነው። አብዛኞቻችን የምንሠራው በኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ወይም በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቪስ ቤት ነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ፣ በብሎኬት ተሠርቶ የተለሰነ ክፍል እንውሰድ። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች በመካከላቸው የሚመላለስ ድምፅ አላቸው፤ የሞገዱ ርዝመት የርቀታቸው እጥፍ የሆነው ድምፅ ከሁሉ በላይ ይገናል። 343ን ለ6 አካፍሉ፤ 57 ኸርዝ ይመጣል። ይህ በቤዝ ጊታር ላይ ቢ ፍላት ከሚባለው ኖታ ጎን ነው። ክፍሉ ወርዱና ርዝመቱ እኩል ስለሆነ ያው ኖታ በሁለቱም አቅጣጫ ይደገማል፤ ጣሪያው 2 ሜትር ከ60 ከሆነ ደግሞ 66 ኸርዝ ላይ ሌላ ወንድም ይጨመርበታል። እነዚህ ኖታዎች በግድግዳው ዳር ያብጣሉ፣ በትክክል በክፍሉ መሐል ግን ሊጠፉ ይቃረባሉ።

ስለዚህ ወንበሩን ክፍሉ መሐል ያደረገ አቀናባሪ ቢ ፍላትን አይሰማውም። የቤዝ ተጫዋቹ በቀስታ የተጫወተ ይመስለውና ከፍ ያደርገዋል። ያ መዝሙር ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሲከፈት ያች አንዲት ኖታ እንደ ተቆጣ በሬ ትወጣለች። አልጋው ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፤ ቤዙ በዝቶ ስለሚሰማው ይቆርጠዋል፣ መዝሙሩ በስልክ ሲሰማ አጥንቱ የወጣ ይሆናል። ልማዳዊው መነሻ የጆሮን ቦታ ከፊተኛው ግድግዳ የክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ላይ ማድረግ ነው፤ በእኛ ክፍል 1 ሜትር ከ15 አካባቢ ይሆናል። ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው። ከዚያ በጆሮ ትፈልጋላችሁ። ክፍሉ ረዥምና ጠባብ ከሆነ ስፒከሮቹ በረዥሙ አቅጣጫ ይተኩሱ፤ የኋላው ግድግዳ ከጀርባችሁ ይራቅ።

እዚህ ላይ በመካከላችን የተስፋፋ አንድ ምክር አለ፦ «ስፒከሩን ከግድግዳ አርቀው።» በትልቅ ክፍል ጥሩ ነው። በእኛ ክፍል ግን ጎጂ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሒሳቡን እንሥራው። ቤዝ እንደ ትሬብል ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በስፒከሩ ዙሪያ ይፈስሳል። ወደ ኋላ የሄደው ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይጋጫል። ከስፒከሩ ፊት እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት የአንድ ድምፅ ሞገድ ሩብ ሲሆን ሁለቱ ይጣፋሉ። ርቀቱ 1 ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 86 ኸርዝ ላይ ይከፈታል። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 143 ኸርዝ ላይ ነው፤ ይህ የወንድ ድምፅ ደረቱ የሚገኝበት ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 286 ኸርዝ ይወጣል። እዚያ ላይ ከስፒከሩ ኋላ የሚቆም ወፍራም ነገር ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ በትንሽ ክፍል ውስጥ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው አስጠጉት፤ የኋላ ቀዳዳ ካለው ጥቂት ጣቶች ያህል መተንፈሻ ተዉለት፤ በመጠጋቱ የሚጨመረውን ቤዝ ደግሞ ከጀርባው ባለው ማስተካከያ ቀንሱ። የአንድ ሜትሩ ሦስት ማዕዘን ከፍታው 87 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 30 ጨምሩበት። 1 ሜትር ከ17 ሆነ። ከላይ ካልነው መነሻ ጋር ገጠመ ማለት ነው። ለትንሹ ክፍል አንድ ሜትር ይበቃል ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥግ ግን አይሆንም። ስፒከር በሁለት ግድግዳዎች መጋጠሚያ ውስጥ ሲወሸቅ የክፍሉን ማጓራት ሁሉ ይቀሰቅሳል።

የእንቁላል ካርቶንስ? ስለ እርሱ በትዕግሥት መናገር ያቅተኛል። ግድግዳ ሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፎ ፎቶ ያልተነሣበት ስቱዲዮ ያለ አይመስለኝም። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 3 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያን ሞገድ በስስ ወረቀት ማስቆም ጎርፍን በወንፊት ማቆም ነው። ስሱ ስፖንጅም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ላይኛውን ድምፅ ብቻ ይውጣል፤ ክፍሉ የተደፈነ ይመስላል፣ ቤዙ ግን እንደነበረ ያጓራል። ከዚያ አቀናባሪው የጎደለውን ትሬብል በሚክሱ ይጨምራል። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። የሚሠራው ውፍረት ነው። አሥር ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሮክ ዉል በአቡጀዴ ተጠቅልሎ ቢገኝ መልካም፤ ካልተገኘ የጥጥ ፍራሽ በየጥጉ አቁሙ። በልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን በሩ ተከፍቶ ከኋላችሁ ቢቆም ከማንኛውም ካርቶን ይበልጣል። «ስቱዲዮ እንዲመስል» ብላችሁም አልጋውን አታውጡት! በክፍሉ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ከማንም በላይ ድምፅ የሚውጥላችሁ እርሱ ነው።

ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሰቀልበትን ቦታ በግምት አትምረጡ። እናንተ ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ፤ ጓደኛችሁ በጎን ግድግዳው ላይ መስተዋት እያንሸራተተ ይሂድ። በመስተዋቱ ውስጥ ስፒከሩን የምታዩበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሯችሁ የሚመጣበት ቦታ ነው፤ እዚያ ስቀሉ። በሁለቱም ጎን፣ እኩል። አከራዩ ሚስማር አትምቱ ካሉ ወንበር ላይ ወይም የልብስ ማድረቂያ ላይ አንጠልጥሉት፤ ግድግዳ መንካት የለበትም።

ከሚነሡት መከራከሪያዎች ሁሉ የሚከብደኝ አንዱ ነው፤ «ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ያማሃ ኤንኤስ-10ን ጎኑን አስተኝተው ነበር የሚጠቀሙት» የሚለው። እውነት ነው። ያ ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ማዳመጫ ወጥቶ ምርቱ በ2001 እስኪቆም ድረስ በሚክሰሩ አናት ላይ ጎኑን ተኝቶ የሚታይበት ፎቶ ቁጥር የለውም። ነገር ግን ከጀርባው ያለውን ክፍል ተመልከቱ። በባለሙያ የተሠራ ግድግዳ፣ ግድግዳው ውስጥ የተገጠሙ ዋና ስፒከሮች፣ በመካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ትንሹ ስፒከር ሁለተኛ ምስክር ነበር እንጂ ብቸኛ ዳኛ አልነበረም። እኛ ፎቶውን ቀዳን፣ ክፍሉን ተውን። ስፒከር ሲተኛ ደግሞ ዉፈሩና ትዊተሩ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ራሳችሁን ትንሽ ወደ ግራ ባዘነበላችሁ ቁጥር ከሁለቱ ያላችሁ ርቀት ይለዋወጣል፤ ሁለቱ በሚረካከቡበት ክልል ላይ ድምፁ ይጋጫል። ያ ክልል የዘማሪው ቃል ያለበት ነው። አቁሙት።

ሄድፎን ይበቃል ለሚሉት፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ለሚሠራ ሰው ሄድፎን የፍቅር ሥራ ነው፣ ጎረቤትን መውደድ ነው። ጩኸትና ትንፋሽ ለማጽዳትም ከሞኒተር ይሻላል። ግን በሄድፎን ግራ ጆሮ የቀኙን ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም፤ በስፒከር ግን ሁለቱም ጆሮዎች ሁለቱንም ይሰማሉ። ዘማሪው በራስ ቅላችሁ ውስጥ ይዘምራል፣ ስፋቱም ይዋሻል። ይጠቅማል፣ አይተካም።

ክፍሉን የሚያስተካክል ሶፍትዌር አለ የሚሉም አሉ። (በክራክ የተጫነ መሆኑን ለጊዜው ልተወውና።) ያበጠውን መቀነስ ይችላል፤ ይጠቅማል። የጠፋውን ግን ሊሞላ አይችልም፤ ወንበራችሁ ላይ 57 ኸርዝ እየተጣፋ ከሆነ ሶፍትዌሩ ድምፁን ሲጨምር የሚያጠፋውም አብሮ ይጨምራል። ስፒከሩ ይደክማል፣ ጉድጓዱ እንዳለ ይኖራል። ወንበሩን 20 ሳንቲ ሜትር መግፋት ግን ነጻ ነው።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ኪቦርድ የሌለበት የወጣቶች ኅብረት የለም። ሲምፕል የቤዝ ድምፅ ምረጡና ከታችኛው ኤ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ኖታ በእኩል ኃይል ወደ ላይ ተጫወቱ፣ አንድም ሳትዘሉ። እኩል አይሰሙም። የሚያጓሩትንና የሚጠፉትን በወረቀት ጻፉ። ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደፊት አምጡና ደግማችሁ ተጫወቱ፤ ቀጥላችሁ ወደ ኋላ። ልዩነቱ ያነሰበትን ቦታ ያዙ። ፍጹም እኩል የሚሆንበት ቦታ በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ የለም፤ የተቀሩትን ኖታዎች ግን ስም በስም ስለምታውቋቸው ሚክስ ስታደርጉ አይሸውዷችሁም።

ለመሐሉ ደግሞ በደንብ የምታውቁትን ሰው ድምፅ ያለ ሪቨርብ በሞኖ ቅረጹ። እናታችሁ አንድ መዝሙረ ዳዊት ቢያነቡላችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ የእናቱን ድምፅ የማያውቅ የለም። ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል ልቀቁት። ድምፃቸው በሁለቱ መካከል በአንድ ነጥብ ላይ ፊት ለፊት ቁጭ ያለ መምሰል አለበት። ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ሲባጎውን አንሡ። ዝርግ ብሎ ከየትም የማይመጣ ከመሰለ፣ ቤዙም ከቀጠነ፣ ከአንዱ ስፒከር ሽቦ ቀይና ጥቁሩ ተገልብጦ ይሆናል፤ በቀይና ጥቁር ሽቦ የሚያያዝ ከሆነ ፈትሹት። በመጠነኛ ድምፅ ስሙት፤ ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር ሳትጮኹ ማውራት በምትችሉበት ልክ። ጮክ ሲል ሁሉም ነገር ያምራል፣ ቤዙም የበዛ ይመስላል፤ ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጆሯችን ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ድምፅ ቤዝን በአንድ ልክ እንደማይሰማ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ ዜና አይደለም። ክረምት ከሆነና ቤታችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።

ሁሉም ልክ ሲሆን የወንበሩን እግሮችና የስፒከሮቹን ማቆሚያዎች ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ሲጸዳ መነሣታቸው አይቀርም።